ከመጽሐፍ የተሠራው ማዕበል

መዶሻዬን እንደያዝኩ ዘልዬ የገባሁት እሳት የተነሣ መስሎኝ ነው። ከሚግዳሊያ ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ እናቷ ሴናይዳ "ኧረ ጎረቤት! ኧረ ድረሱልኝ!" ስትል አጠገቤ የጮኸች ያህል ሰማሁ። ስገባ ግን ጭስ የለም፣ ነበልባል የለም። ሚግዳሊያ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ወፍራም መጽሐፍ ተከፍቷል፣ እጇ ላይ የልብስ ሰፊ መቀሷ አለ። እናቷ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች።

"ኡባልዶ፣ እያት! በአባቷ አጥንት እያት!" አለችኝ። "መጽሐፍ እያረደች ነው!"

"እማዬ፣ የተጣለ እኮ ነው። ከቆሻሻ ላይ ነው ያነሣሁት።"

"ቢጣልስ! አባትሽ ፊደል የቆጠረው ጎልምሶ፣ አገር ሁሉ ማንበብ ይማር በተባለ ጊዜ፣ በፋኖስ ነው። መጽሐፍ ሊነካ ሲል እጁን በሳሙና ይታጠብ ነበር። አንቺ በመቀስ!"

እኔም ደንግጫለሁ፤ አልዋሽም። እኛ ሠፈር ሰው ጫማ ሳይኖረው ይኖራል እንጂ መጽሐፍ አይቀድም። ጠግኜ የማላውቀው ወንበር የሌለ አናጢ ነኝ፤ መጽሐፍ ግን ሲቆረጥ አይቼ አላውቅም። መቀሱ ወረቀቱን ሲበላ ጥርሴን ነዘረኝ።

ሚግዳሊያ በከተማችን በማታንሳስ የታወቀችው በሸሚዝ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ወደቡ አጠገብ በነበረ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ኮሌታ ስትቆርጥ ኖረች። ፋብሪካው ሲዘጋ መቀሷን በፎጣ ጠቅልላ ቤቷ ገባች። ባሏ ቀድሞ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። ከእናቷ ጋር በጡረታና በሠፈር ልብስ ጥገና ይኖሩ ነበር።

ከዚያ የዩሙሪ ወንዝ የሞላበት ዓመት መጣ። ውሃው አንድ የቆየ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ገብቶ መጻሕፍቱን አጥለቀለቃቸው። እንደበሰበሰ ድንች በአካፋ እየተዛቁ መንገድ ላይ ተከመሩ። ነዳጅ የጠፋበት ሰሞን ስለነበረ ሰው ሁሉ ለማገዶ ብሎ ይሸከም ጀመር፤ እሷም ተሸከመች። ጣሪያ ላይ አስጥታቸው በማግስቱ ስትወጣ ግን የምታየውን ማመን አቃታት። አንዱ የሩሲያ ምህንድስና መጽሐፍ ውሃ ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ቅጠል በቅጠል ተከፍቶ ከባሕር ወለል የወጣ ነገር መስሏል። ሌላው እንደ አበባ ጎመን ተድቦልብሏል። ክብሪቱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። "ልለኩሰው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ በሕይወት ያለ ነገር መሰለኝ" አለችኝ በኋላ።

እንዲህ ጀመረች። ገጹን ታጥፋለች፣ ትሰነጥቃለች፣ በክር ትሰፋለች። ዓሣ አጥማጆቹ የተበጣጠሰ መረብና የጀልባ ቀለም ትርፍራፊ ይሰጧታል። እኔ የዛገ ሽቦና የእንጨት ቁራጭ አቀብላታለሁ። ከመጽሐፍ ገጽ፣ ከሸሚዝ ቁልፍና ከሽቦ ክንፉን የዘረጋ አውራ ዶሮ ሠራች፤ ሰው እየሳቀ መጥቶ አፉን ይዞ ሄደ። ሴናይዳ ግን ልጇን አኮረፈቻት። አንድ ቀን ሚግዳሊያ የጎልማሶች የፊደል መማሪያ ቅዳጆችን በሞላሰስ ውሃ አጥቁራ፣ በድሮ ሸራ ላይ ለጥፋ፣ የአባቷን ፊት አወጣችው። ሴናይዳ ስታየው ክው አለች። ቀረብ ብላ ጉንጩን በጣቷ ነካች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱ የሚለጠፍበትን የካሳቫ ዱቄት ሙጫ የምታማስለው ራሷ ሴናይዳ ሆነች፤ ሙጫው ሲጓጉል የሚሰደበውም ልጇ ሳትሆን እኔ ነኝ።

አሁን ስለ መምህር ኤፒፋኒዮ ልንገራችሁ። ኤፒፋኒዮ ቡስታማንቴ ጡረታ የወጣ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። ከሰዓት በኋላ ከኛ ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። በወጣትነቱ ስለማይናደፉት የአገራችን ንቦች መጽሐፍ ጽፏል። "የዛፍ ግንድ ንቦች" ይባላል። እነዚያ ንቦች በባዶ ግንድ ውስጥ ይኖራሉ፣ ማራቸውን በሰም በተሠሩ ጥቃቅን ገንቦዎች ያስቀምጣሉ። እንዴት ከግንድ ወደ ሣጥን እንደሚዛወሩ ለገጠር ልጆች የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ታትሞ ለትምህርት ቤቶች ይከፋፈላል ተብሎ ተነግሮት ነበር። እሱም ዕድሜ ልኩን በዚያ ኮርቶ ኖረ።

"መምህር፣ መጽሐፍህ እስከ የት ደረሰ?" እንለዋለን ስንቀልድበት።

"ከፒናር እስከ ባራኮዋ፣ ከአገር ጫፍ እስከ አገር ጫፍ!" ይላል ዶሚኖውን ጠረጴዛው ላይ እያጮኸ። "ተራራ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ሂድና ጠይቅ። አንተ የሠራኸው ወንበር የኔ መጽሐፍ የደረሰበት አልደረሰም፣ ኡባልዶ!"

የቁርጥራጭ ዕቃ መጋዘን ጠባቂው ቺቾ የሚግዳሊያ ወዳጅ ነው። አንድ ጠዋት መጥቶ "ሴትዮ፣ ጋሪ ይዘሽ ነይ። አንድ የድሮ ዕቃ ቤት ተጠርጎ የመጣ ወረቀት አለ፤ ነገ ሊፈጭ ነው" አላት። አብረን ሄድን። እሽግ በእሽግ ላይ ተደርድሯል፤ ቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ። የሲባጎው ቋጠሮ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ። ሚግዳሊያ እንዲህ ያለ ሀብት አግኝታ አታውቅም፤ አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ ጋሪ ሙሉ። ሽፋኑን ልብ ብሎ ያነበበው ማንም የለም። ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ዝናብ ሳይቀድመን መጫን ነበር ጭንቀታችን። እሷ ደግሞ ሽፋን የምታየው ለቀለሙ ነው፤ ቃሉን አታነብም። ስታነብ መቁረጥ እንደሚያቅታት ብዙ ጊዜ ነግራኛለች።

ከዚያ ሁሉ ወረቀት ማዕበል ሠራች። ወንዙ የሞላበትን ቀን ነው የሠራችው። ከሥሩ ያልተፈቱትን እሽጎች እንደ ድንጋይ ካበቻቸው። በላዩ የእንጨት አጽሙን እኔ አቆምኩ። በዚያ ላይ በጠርዛቸው የቆሙ ገጾች፣ በሰማያዊ የጀልባ ቀለም የተነከሩ፣ መረብ የተጠላለፈባቸው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ በቀጭኑ የተሰነጠቀ ነጭ ወረቀት እንደ አረፋ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ከጣሪያ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ከሥሩ ስትቆም በላይህ ሊወርድ ይመስልሃል።

ወንዙ ዳር ባለው በድሮው የስኳር መጋዘን ኤግዚቢሽን ተከፈተና ሠፈሩ በሙሉ ነቅሎ መጣ። የሩም መጠጥ አለ፣ በዘይት የተጠበሰ ክሮኬት አለ፣ አዳዲስ ቀሚስ አለ። መምህር ኤፒፋኒዮም ሸሚዙን ቆልፎ መጣ። ማዕበሉ ፊት ቆሞ መነጽሩን አወጣ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

ከገጾቹ አንዱን ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ ያለውን አነበበ። ከዚያ ንባቡን ሳያቆም ዓይኑን ከገጹ ላይ አነሣ፤ ዐረፍተ ነገሩን በቃሉ ጨረሰው።

"የኔ ነው" አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

አንዲት ጎረቤታችን ሰማችና አጨበጨበች። "መምህር! እንኳን ደስ ያለህ! መጽሐፍህን እንዲህ አሳመሩልህ!" ሌሎችም አጨበጨቡ። እሱ አልሰማቸውም። ፊቱ አመድ መስሏል። ተንበርክኮ ከሥር ካሉት እሽጎች የአንዱን ወረቀት በጥፍሩ ቀደደው። ውስጡ አዲስ፣ ማንም ያልገለጠው፣ የራሱ ስም ያለበት መጽሐፍ ድርድር አለ። ቀጥሎ ያለውን ቀደደ። እዚያም ያው ነው።

ሚግዳሊያ ከሰው መሐል እየሮጠች መጣች። "መምህር፣ ምን ሆኑ?"

"ከየት አመጣሽው?"

"ከመጋዘን... ሊፈጭ ሲል ነው ያተረፍኩት።"

"እንዲህ ታስሮ? ሳይፈታ?"

አፏ ተከፍቶ ቀረ። ስሙን ሽፋኑ ላይ ያየችው በዚያች ደቂቃ ነው።

"ባራኮዋ..." አለ ኤፒፋኒዮ። "የትም አልሄደም። አንድም ልጅ..." እሽጉን በሲባጎው ይዞ ወደ ራሱ ጎተተው፤ ከዚያ ሁሉ ክምር አንዱን እንኳ ቤቱ ይዞ ሊሄድ የፈለገ ይመስለኛል። "መምህር፣ እሱን አይንኩ!" ብዬ ስጮህ እሽጉ ወጥቷል። አጽሙ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። እንጨቱ ጓ አለ። ማዕበሉ መጀመሪያ አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ በሰውየው ላይ ወረደ።

አዳራሹ በአንድ አፍ ጮኸ። ከዚያ አቧራው ተነሣ። ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ፤ መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው አሮጊቷ ሴናይዳ ናት። "ምን ትገተራላችሁ፣ አውጡት እንጂ!" ብላ በእጇ መዛቅ ጀመረች። መጽሐፍ እየወረወርን ቆፈርን። ሚግዳሊያ እያለቀሰች የሠራችውን በገዛ እጇ ትበጣጥሳለች። ስናገኘው ዓይኑ ተገልጧል። ሽቦ ግንባሩን ቧጥጦታል፣ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል፤ እሽጉን ግን አልለቀቀውም።

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሚግዳሊያ ሾርባ ይዛ ሄደች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቤቱ ሲገባም ሄደች፤ በሩን አልከፈተም። ዶሚኖውን ተወ። እኔ ስጠራው በመስኮት "ደህና ነኝ ኡባልዶ፣ ሂድ" ይለኛል። ከማን ጋር እንደተጣላ እንኳ ማወቅ አቃተኝ። ከሷ ነው? ከመንግሥት ነው? መጽሐፉን ማን እንደረሳው፣ በማን ስህተት ዕቃ ቤት እንደቀረ፣ ጠይቀን የሚመልስልን አላገኘንም። የሚጠየቁት ሰዎች ወይ ሞተዋል ወይ አገር ለቀዋል።

ሚግዳሊያ መቀሷን አልነካችም። የተረፉትን ሙሉ መጻሕፍት ቤቷ አስገብታ አንዱን ከፈተች። አንባቢ አይደለችም፤ ግን ከጀመረች በኋላ አላቆመችም። ግድግዳዬን እየደበደበች ትጠራኛለች። "ኡባልዶ! ንግሥቲቱ መብረር እንደማትችል ታውቃለህ? በር ላይ የምትቆም አንዲት ጠባቂ ብቻ እንዳለች ታውቃለህ?" እያለች። ሰውየው እንዲህ የሚያምር ነገር ጽፎ እንደነበር ስታውቅ የባሰ ደነገጠች። "እኔ ይሄን ነው የቆረጥኩት?" ትለኛለች።

አንድ ቀን ለጠረጴዛ ብዬ የገዛሁትን የአቮካዶ ግንድ ስሰነጥቅ ከመጋዙ ማር ተከትሎ ወጣ። ውስጡ የሚርመሰመስ ጥቁር ነገር አየሁና መጋዙን ጥዬ ሸሸሁ። ሚግዳሊያ በግቢያችን አጥር ላይ ብቅ ብላ "አይናደፉም፣ ፈሪ! ቆይ መጽሐፉን ላምጣ!" አለች። መጽሐፉ እንዳለው አደረግን። ሣጥኑን በልኩ ሠራሁ። ገጹን እያነበበች፣ እኔ እየሰማሁ፣ ግማሹን ቀፎ አዛወርን፤ ግማሹ ግንዱ ውስጥ እንዳለ ለነገ አቆየነው። መጽሐፉ ጉንዳን እንዳይገባ ሣጥኑ በነጭ ጋዝ ይቀባ ይላል። ቀባን።

በማግስቱ ሣጥኑን ስንከፍተው የገቡት ሁሉ ሞተዋል። ወለሉ ላይ ረግፈዋል፣ እንደ ተቆላ ቡና። ሚግዳሊያ እፍኝ ሙሉ አነሣችና ትንፋሿ እየተቆራረጠ ቆመች። ከዚያ ምንም ሳትለኝ መጽሐፉን በአንድ እጇ፣ የሞቱትን ንቦች በሌላው ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። በሽርጧ ነበረች።

የኤፒፋኒዮን በር በክርኗ ደበደበችው። "መምህር! ይክፈቱ! መጽሐፍዎ ውሸታም ነው!"

ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ።

"ንቦቼን ጨረሰብኝ! የጻፉትን አነበብኩ፣ ያሉትን አደረግሁ፣ ሁሉም አለቁ! ይህን ለልጆች ሊሰጡ ነበር?"

በሩ ተበረገደ። ኤፒፋኒዮ ክንዱ በጨርቅ እንደታሰረ፣ ፂሙ እንዳደገ፣ ዓይኑ እሳት ሆኖ ወጣ። "ምን አልሽ? የኔ መጽሐፍ ተሳሳተ? አንቺ መቀስ እንጂ ማንበብ የት ታውቂያለሽ! የት ላይ?"

"ይኸው!" ገጹን አፍንጫው ሥር ከፈተችለት። "ሣጥኑን በነጭ ጋዝ ይቀቡ፣ ይላል።"

"አይልም! የሣጥኑን መቆሚያ እግሮች ነው የሚለው። እግሮቹን! ሣጥኑንማ ማን እብድ..." መነጽሩን አደረገ። አነበበ። እንደገና አነበበ። ከዚያ ተንሸራቶ ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

"እግሮቹ የሉም" አለ። "ሲያትሙት ጥለውታል።"

"ሳያዩት ነው እስከ ዛሬ?"

"የራሱን መጽሐፍ ማን ያነባል? የኔን ቅጂ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት።" በሚግዳሊያ መዳፍ ላይ ያሉትን የሞቱ ንቦች ያያል። ፊቱ እየገረጣ መጣ። "ደርሶ ቢሆን ኖሮ... በየተራራው ያሉ ልጆች ሁሉ... አምላኬ፣ በኔ ስም በየቤቱ ያለው ቀፎ ሁሉ ያልቅ ነበር።"

የደነገጥኩት ድንጋጤ እንዲህ ነው ብዬ ልናገረው አልችልም። እንዲያ ያዘነበት፣ መጽሐፉ ሳይደርስ መቅረቱ፣ ለካ እሱን ያዳነው ነበር። ኤፒፋኒዮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ልይዘው ጎንበስ ስል እየሳቀ ነው። አጥንቱን እያመመው፣ "ወይኔ፣ ወይኔ" እያለ ይስቃል። ሚግዳሊያ ግን አልሳቀችም።

"ግንዱ ውስጥ የቀሩ አሉ" አለችው። "ይምጡ።"

መጣ። በአንድ እጁ ግንዱን ዳሰሰ፣ ጆሮውን ለጠፈበት፣ ንግሥቲቱ እዚያ እንዳለች ነገረን። አዲስ ሣጥን ሠራሁ። ያለ ጋዝ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሚግዳሊያ ግቢ ይመጣ ጀመር። እሷ ይቅር ብሎኛል ብላ አስባ ነበር፤ እንዳልሆነ ቶሎ ነገራት። "ሌላውን ልተውልሽ እችላለሁ። ስሜ ያለበትን ገጽ በሰማያዊ ቀለም መንከርሽን ግን እስክሞት አልምርሽም" አላት። "እሺ መምህር" አለችው፤ ሌላ ምን ትበል? ቁጭ ብሎ ግን መቀስ ጠየቃት። ከተረፉት መጻሕፍት የተሳሳተውን ገጽ ራሱ እየቆረጠ ያወጣ ጀመር። ሴናይዳ ሙጫውን እያማሰለች አይታው ማማሰያዋን ጣለች። "ደራሲውም ያርደው ጀመር!" አለች። የወጡትን ገጾች ሚግዳሊያ ከማዕበሉ ስብርባሪ ጋር ሰፍታ ሌላ ማዕበል ሠራች፤ ከፊተኛው ያነሰ፣ ወገቡ ላይ የተሰበረ፣ እኔ በብሎን ከግድግዳ ጋር ያሰርኩት። አሁን በአንድ ክሊኒክ ተራ መጠበቂያ አዳራሽ አለ። ሕሙማን ከሥሩ መቀመጥ ይፈራሉ፤ ነርሷ ነች በግድ የምታስቀምጣቸው።

የመምህሩ ክንድ ሲድን መጻሕፍቱን በከረጢት ሞልተን ሦስታችን በጭነት መኪና ወደ ኤስካምብራይ ተራራ ወጣን። መጀመሪያ በደረስንበት ትምህርት ቤት ዳያሚ የምትባል ወጣት መምህርት አገኘን። መጽሐፉን ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ፊቷን አጨማደደች።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ገጽ ጎድሎታል። የተቀደደ መጽሐፍ አንቀበልም።"

ኤፒፋኒዮ በድንጋጤ እኔን አየኝ፣ ሚግዳሊያን አየ። ሚግዳሊያ "የተቀደደ አይደለም፣ የታረመ ነው" ልትል ስትሞክር ሳቅ አነቃት። መምህርቷ እንደ እብድ ታየናለች። ከዚያ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የጎደለው ገጽ ምን ይል እንደነበርና ለምን እንደወጣ ሲነግራት ቆየ። እሷም መጽሐፉን ሳትመልስለት ክፍል ገባች።

እኛ ከውጭ መስኮቱ ሥር ቆምን። ዳያሚ ለልጆቹ ከመጀመሪያው ገጽ ጮክ ብላ ታነባለች። አንድ ልጅ "እና የማይናደፉ ከሆነ ማራቸውን ሌባ ሲወስድባቸው ምን ያደርጋሉ?" ብሎ ጠየቃት። ኤፒፋኒዮ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፤ እስኪያመኝ። መልሱን ያውቀዋል፣ አፉ ላይ ደርሷል፤ ግን አልተናገረም። እሷ ገጹን ገልጣ እስክታገኘው ጠበቀ።